ልብ ታሞ ሆድ ሲብስ፦ ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣን ድብርት ለይቶ የማስታከም መመሪያ

አባዬ የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ስቴንት፣ የገባለት ኅዳር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ወር ቤታችን ጠያቂ አይጠፋውም ነበር። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ ጁሱ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ሁሉም «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ሁሉም በልብ የሞተ አንድ ዘመድ አለው፣ ታሪኩን ሳይተርክ ደግሞ አይወጣም። ከዚያ ጠያቂው ቀረ።

ድብርቱ የጀመረው ያኔ ነው። እኛ ግን አላወቅንም። ጠዋት ዓይኑን ከመግለጡ የሚከፍታትን ትንሿን ራዲዮ መክፈት ተወ። ቡናው ሲኒው ውስጥ እንዳለ ይቀዘቅዛል። ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እማዬ «ልቡ ነው፣ ደክሞታል» ትላለች። እኔ «ዕድሜ ነው» እላለሁ። አንድ ቅዳሜ የቀናት ስም የተጻፈባትን የክኒን ሳጥኑን ስከፍታት ከማክሰኞ ጀምሮ ያለው መድኃኒት አልተነካም።

ይህን የምጽፈው ያን ቅዳሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞች የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና ተሳስቼ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ለመሆኑ ድብርት ልብን ምን አገናኘው?

ብዙ ነገር። ከሃርት አታክ ከተረፉ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞንትሪያል ውስጥ 222 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ነበር። ድብርት የያዛቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 የልብ ሕሙማን ለድብርትም ይመርመሩ ብሎ ምክር ያወጣው በዚህና መሰል ጥናቶች የተነሳ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰውነት ውስጥ ያለው ነው። ድብርት ሲቆይ እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ይዛባሉ፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቶሎ ቶሎ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ ብግነት ይጨምራል፣ ልብም ምቱን እንደ ሁኔታው የማፍጠንና የማዘግየት ችሎታው ይቀንሳል። ሁለተኛው መንገድ ያቺ የክኒን ሳጥን ናት። የደበረው ሰው መድኃኒት ይዘላል፣ ከአልጋ አይነሳም፣ ትቶት የነበረውን ሲጋራ ይመለስበታል። አባዬ ከዘለላቸው ውስጥ አንዱ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ክሎፒዶግሬል ነበር። አዲስ ስቴንት ያለው ሰው እሱን ካቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን እማዬ ወንበሯ ላይ ፈዝዛ ቀረች።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. አስቀድማችሁ ልቡን አረጋግጡ

«ደብሮት ነው» ብሎ የልብ ሕመምን ማለፍ «ልቡ ነው» ብሎ ድብርትን ከማለፍ የባሰ ስህተት ነው። ደረትን የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ካለ ስለ ድብርት የምትነጋገሩበት ሰዓት አይደለም። ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ላይ ደረት ላይታመም ይችላል። ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» እና «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚሉትን ሁለት አባባሎች አትመኑ፣ እነሱን አምነው ቤታቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112።

ልቡ የደከመ ሰው ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መዝኑት። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ፣ በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረው ሦስት ትራስ ካስፈለገው ውኃ እየያዘ ነውና ቶሎ ወደ ሐኪሙ።

2. ሁለት ሳምንት በደብተር ያዙ

ድብርት በአንድ ቀን አይለይም፣ ማንም ሰው አንድ ቀን ይከፋዋል። መለኪያው ሁለት ሳምንት ነው። አሮጌ ደብተር ውሰዱና በየቀኑ አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን ያህል በላ፣ ክኒኑን ወሰደ ወይስ አልወሰደም፣ ድሮ የሚወደውን ምን ነገር ተወ። አራተኛዋ ከሁሉም በላይ ትናገራለች። የኛ ደብተር ላይ «ራዲዮ፦ የለም» የሚል አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል።

ሰውየው ራሱ «ደብሮኛል» ይለኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ትልልቆቹ እንዲህ አይሉም። «ልቤን ጭንቅ ይለኛል»፣ «ሰውነቴ ይቃጠላል»፣ «ራሴን ይከብደኛል»፣ «ምግብ አልወርድ አለኝ» ነው የሚሉት። ችግሩ፣ ልቡን የታመመ ሰው «ልቤን ጭንቅ አለኝ» ሲል የቱን ልብ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ስለዚህ ነው ደብተሩ የሚያስፈልገው። አንዳንዱ ወንድ ደግሞ አያዝንም፣ ይቆጣል። በትንሽ በትልቁ መጮህ ከጀመረ እሱንም መዝግቡ።

3. ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ሐኪሞቹ የሚጀምሩት በሁለት ጥያቄ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ፦

ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጣህ?

አዘንክ፣ ተከፋህ ወይም ተስፋ ቆረጥክ?

ለእያንዳንዱ «በፍጹም» ካለ 0፣ «አንዳንድ ቀን» 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ካለ 3። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

አጠያየቁ ግን ከጥያቄው ይከብዳል። እኔ ምግብ ላይ፣ እህቶቼ ባሉበት «አባዬ፣ ድብርት ይዞሃል እንዴ?» አልኩት። «የምን ድብርት! ደበረኝ የምትሉት እናንተ ናችሁ» አለኝና እጁን ታጥቦ ተነሳ። እውነቱን ነው። ኢንተርኔት ሲዘገይ «ደበረኝ» የምንል ልጆች ያንኑ ቃል ለሕመም ስናመጣው ለአባት ቀልድ ይመስላል። ሁለተኛ ጊዜ የጠየቅኩት ለብቻችን፣ ከፋርማሲ ስንመለስ፣ ጎን ለጎን እየሄድን ነው። ፊት ለፊት ሲተያዩ የማይወጣ ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል። የሕመሙን ስም ሳላነሳ «ራዲዮዋን ተውካት አይደል፣ አላስደስት አለችህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ምኑን ልስማው» አለ። ከዚያ በኋላ መልሱ ራሱ መጣ።

የምታስታምሙት አንቱ የምትሉት ሰው ከሆነ ወይም ልጅ ሆኖ መጠየቁ ከከበዳችሁ የዕድሜ እኩያቸውን ላኩ። የድሮ የሥራ ባልደረባ ከልጅ ይልቅ ይሰማል።

4. ዘጠኙ ጥያቄዎች፣ በተለይ ዘጠነኛው

ቀጣዩ ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ይዞ ሰባት ይጨምራል፦ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ ወይም ዋጋ እንደሌለው መቁጠር፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መዘግየት ወይም መቅበጥበጥ፣ እና የሞት ሐሳብ። አቆጣጠሩ ያው ከ0 እስከ 3 ስለሆነ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ15 ጠንከር ያለ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሾች ላይ ተፈትኗል፣ ስለዚህ ሐኪሙን በአማርኛ ያለውን መጠየቅ ትችላላችሁ። የአባዬ ድምር 14 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ምግብ አለመፈለግ ከልብ ድካሙም ሊመጡ ይችላሉ። ድምሩን ከፍ ያደረጉት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልግ። ደስታ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡና «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለቱ ካሉበት ግን ልብ ብቻውን አያመጣቸውም።

ዘጠነኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። «ብሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። «አዎ» ካለ አትደንግጡ፣ አትገሥጹ፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አፉን አትዝጉት። ብቻውን አትተዉት። የአይጥ መርዙን፣ ፀረ ተባዩን፣ የልብ ክኒኖቹንም ጭምር እናንተ ጋ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም የልብ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ይገድላል። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ 988 መደወል ይቻላል።

5. ሁሉንም መድኃኒት በፌስታል ይዛችሁ ወደ ልብ ሐኪሙ

ሁለት ሐኪም ሳይተዋወቁ መድኃኒት ሲያዙ ነው አደጋ የሚመጣው። ስለዚህ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ ከጎረቤት የተገኘውን የወገብ ክኒን፣ ከውጭ የተላከውን ቫይታሚን፣ ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ደብተሩንም ያዙ። ተራ ስትጠብቁ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ውስጥ የምትቆዩት ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ገና ከመቀመጣችሁ «የመጣነው ለልቡ ብቻ አይደለም፣ ራዲዮ እንኳ መስማት ከተወ ወር አለፈው» ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሐኪሙ የልብ ምት የሚነበብበትን ወረቀት፣ ኢሲጂውን፣ አይቶ «ልቡ ደህና ነው» ብሎ ሸኘን። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ሌላውን አልነገርኩትም።

ሦስት ነገር ጠይቁ። የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ምርመራ ተደርጎለታል? ታይሮይድ ሲቀንስ ድብርትን ይመስላል፣ ለልብ ምት መዛባት አሚዮዳሮን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ታይሮይድን ያዛባል። የደም ማነስ አለ? ማታ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቆም ይላል? እንደ ሜቶፕሮሎልና አቴኖሎል ያሉት የልብ ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ድካምና የሚረብሽ ሕልም ሊያመጡ ይችላሉ። ድብርት ያመጣሉ የሚለው የቆየ ወሬ ግን በቅርብ ጥናቶች ብዙም አልተደገፈም። ወሬውን ሰምታችሁ ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ድንገት ማቆሙ ልብን ይጎዳል። መጠጥና ጫት ካለም ደብቃችሁ አትግቡ። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ሲለቅ ደግሞ ያንኑ ድብርት ይዞ ይመጣል።

6. የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አገራችን ውስጥ በቀላሉ ከሚገኙት የድብርት መድኃኒቶች አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው። ለእንቅልፍም፣ ለራስ ምታትም፣ ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ነገር ግን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ሃርት አታክ ለያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ አይመረጥም። ጎረቤት «እኔን አስተኝቶኛል» ብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። የልብ ሕሙማን ላይ በደንብ የተጠናው ሰርትራሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና 369 ሕሙማንን የያዘ ጥናት ለልብ አደጋ እንደሌለው አሳይቷል። ሲታሎፕራም መጠኑ ሲበዛ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያዛባል፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል።

ፍሉዎክሰቲንም ለብዙ ሰው ይሆናል፣ ግን ከክሎፒዶግሬል፣ ከሜቶፕሮሎልና ደም ከሚያቀጥነው ከዋርፋሪን ጋር ይጋጫል። ሐኪሙ ፌስታሉን ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና ፍሉዎክሰቲን ያሉበት ቤተሰብ መድኃኒቶች በሙሉ ከአስፒሪን ወይም ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ የመድማት ዕድልን ከፍ ያደርጋሉ። በዚያ ላይ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከተጨመረ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ሊኖር ይችላል፣ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጉዳቱ ይቀድማል፣ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚያ ጋ ነው። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ሌላ በዝምታ የሚያስቆም ነገር አለ፤ መድኃኒቱ የግብረ ሥጋ ፍላጎትን ይቀንሳል። ባል ለሚስቱ እንኳ አይናገርም፣ ክኒኑን ብቻ ይተዋል። ለሐኪሙ ንገሩ፣ መለወጥ ይቻላል።

ሳልሸፋፍን አንድ ነገር ልበል። ድብርቱን ማከም ዕድሜ ያስረዝማል ወይ ለሚለው ጥናቶቹ አንድ ድምፅ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ2,400 በላይ ሰዎችን የያዘው የአሜሪካ ጥናት የንግግር ሕክምና ድብርቱን እንዳሻለ እንጂ ሞትን እንደቀነሰ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የደቡብ ኮሪያ ጥናት ደግሞ ኤሲታሎፕራም የተባለውን የድብርት መድኃኒት የወሰዱት ለዓመታት ሲከታተሏቸው የልብ አደጋቸው እንደቀነሰ አገኘ። እኔ በዚህ ክርክር ብዙ አልጨነቅም። ሰው ወደ ግድግዳ ዞሮ እንዳይውል ማከሙ ራሱ ይበቃኛል።

7. ወጣቶቹን አትርሱ

በእኛ አገር የልብ ሕመምተኛ ማለት ሽማግሌ ብቻ አይደለም። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ወጣት ይዟል፣ በተለይ ሴቶችን። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ቫልቩ በብረት ቫልቭ ከተቀየረ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን፣ በየጊዜው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው ምርመራ፣ አይኤንአር። ዋርፋሪን ደግሞ ጽንስን ስለሚጎዳ የሃያ ዓመቷን ልጅ «ሳታማክሪን እንዳታረግዢ» ይሏታል። የእሷ ድብርት ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ነው። ማን ያገባኛል፣ ለእጮኛዬ ልንገረው፣ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ይታይብኛል። «አይዞሽ» አይበቃትም። ስለ እርግዝና ዕቅድ ከልብ ሐኪምና ከማህፀን ሐኪም ጋር አብራችሁ ቀጠሮ ያዙላት፣ መንገድ ያለበት ጊዜ አለ። የድብርት መድኃኒት ከጀመረች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይኤንአሯ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

8. ከአልጋ አስነሱት

ድብርት «ፍላጎቱ ሲመጣ እነሳለሁ» ያሰኛል። አሠራሩ ግን ተቃራኒ ነው፣ ከተነሱ በኋላ ነው ፍላጎቱ የሚመጣው። አሜሪካ በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የልብ ሕሙማንን በሳምንት ሦስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ስፖርት አሠርቶ ድብርታቸው ከሰርትራሊን ባልተናነሰ ቀንሶ አግኝቷል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። አዲስ አበባ ዳገት ስለሚበዛባት ሜዳ መንገድ ምረጡ። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄደ ማውራት ከቻለ ግን መዝፈን ካቃተው ልኩ ነው። ማውራት ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንስ። «ለጤናህ ሂድ» ሲባል የማይሄድ ሰው «ዳቦ ግዛልኝ» ሲባል ይሄዳል። አባዬን ያስወጣነው እንዲያ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ። ካላገኛችሁ ቢያንስ ጠያቂው ከወር በኋላም እንዳይቀር አድርጉ። የዕድሩን ሰው፣ የማኅበሩን ሰው በየተራ ጥሩ። አንድ ሕግ ብቻ አውጡ፤ በልብ የሞተ ሰው ታሪክ አይነሳ።

9. ጾሙና ጸበሉ

ዓቢይ ጾም ሲገባ አባዬ የጠዋቱን ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ጀመረ። «ከውኃ ጋር ነው የሚዋጠው፣ ጾሜን ይገድፍብኛል» ነው ነገሩ። 55 ቀን ሙሉ የመድኃኒት ሰዓት ተዛባ ማለት ነው። እኔ ብከራከረው አልሰማም። እማዬ የነፍስ አባቱን ቡና ጠራቻቸው። እሳቸው «የታመመ ሰው ጾሙ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰዱ ነው» አሉት፣ አለቀ። ሙስሊም ቤተሰብም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የሚያከብሩትን ሸኽ ቢያማክር ተመሳሳይ መፍትሔ ያገኛል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክኒኑን ይዞ ይሂድ። መከልከል አያዋጣም፣ የደበረውን ሰው ያለውን ተስፋ መቀማት ነው።

10. በየጊዜው መልሳችሁ መዝኑ

ዘጠኙን ጥያቄዎች በየወሩ ድገሙ። አባዬ ከ14 በስድስት ሳምንት ወደ 9፣ በሦስት ወር ወደ 4 ወረደ። በስድስት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። አስታማሚውንም መዝኑ። እማዬን ማንም አልጠየቃትም ነበር፣ እሷም ስትጠየቅ 8 ወጣላት፣ ግፊቷም ከፍ ብሎ ነበር። ድብርት ጤነኛ ልብንም በጊዜ ሂደት ይጎዳል፣ ስለዚህ ደብሮት የሚውል ቤተሰብ ካላችሁ ልቡ ባይታመምም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን አስለኩ።

ድብርት ይመለሳል፣ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የመመለሻውን ምልክት ታማሚው ራሱ ይምረጥ፣ እናንተ ስትመርጡበት ስለላ ይመስለዋል። አባዬ የመረጠው «ራዲዮዋን ሦስት ቀን ካልከፈትኩ ለሐኪሙ ደውሉ» የሚል ነው። ባትሪዋን የምቀይረው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።